ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚወስደው መንገድ
የአንዲት ትንሽ ቁልፍ ታሪክ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ብሂል በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መዝገብ ቤቱም፣ ፋይሉም፣ ማኅተሙም የቆሙት በዚህ ብሂል ላይ ነው። ነገር ግን ብሂሉ አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል፤ ይኸውም በጽሑፍ ያለው ነገር በደኅና የሚወረሰው በየስፍራው የተጻፈ እንደ ሆነ ብቻ መሆኑን ነው። የአያት ስም በሚስት ስም ቦታ፣ የሚስት ስም በአባትዋ ስም ቦታ የተጻፈ እንደ ሆነ ጽሑፉ ሳይረሳ ይኖራል፤ ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው ግን ስሕተቱ ነው።

ዛሬ የምናወሳው ነገር ሲያዩት እጅግ አነስተኛ ነው። በኮምፒውተር የፊደል ገበታ ላይ፣ በስተግራ ዳር፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያመለክቱ ሁለት ፍላጾች የተሳሉባት «ታብ» የምትባል ቁልፍ አለች። በመስኮት ውስጥ የተዘረጋ ቅጽ በሚሞላበት ጊዜ ጸሐፊው ይህችን ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ጠቋሚው ከአንዱ መሙያ ሳጥን ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ሳጥን ይሻገራል። ሥራዋ ይኸው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህች ቁልፍ ከየት እንደ መጣች፣ በምን ሥርዓት እንደምትሄድ፣ ሥርዓትዋም ሲጓደል በምዕራብ ጎጃም ገጠር በሚኖር በአንድ ገበሬ ኑሮ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የተመለከትን እንደ ሆነ፣ ነገሩ እንደ መጠኑ አነስተኛ አለመሆኑን እንረዳለን።

በመጀመሪያ ወደ ኋላ ተመልሰን የገዛ አገራችንን ጸሐፊ እንመልከት። የቤተ ክህነታችን ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆና አለዝቦ ካዘጋጀ በኋላ ወዲያው ብርዑን ከቀለም አይነክርም። አስቀድሞ ወስፌ አንሥቶ የብራናውን ዳርና ዳር በነጥብ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብም በደነዘ ብረት እያሰመረ መስመሩንና ዓምዱን ያበጃል። ፊደሉ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያቆም፣ ዓምዱ ከዓምድ በምን ያህል እንደሚራራቅ ገና አንድ ቃል ሳይጻፍ ተወስኖ ያድራል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የጸሐፊው እጅ የሚሄደው በተዘጋጀለት መንገድ ነው፤ ልቡናውም ለቃሉ ብቻ ይተርፋል። እንግዲህ ቦታውን አስቀድሞ የመወሰን ጥበብ ከባሕር ማዶ ከመኪና ጋር የመጣልን እንግዳ ነገር ሳይሆን፣ በጎጃም አድባራትና ገዳማት በሚገኙት መጻሕፍት ሁሉ ላይ የሚታይ የቆየ ልማድ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ የጽሕፈት መኪና በተስፋፋ ጊዜም ይኸው ችግር በሌላ መልክ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1888 ሐምሌ 25 ቀን፣ በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ ፍራንክ ማክጉሪንና ሉዊስ ትራውብ የተባሉ ሁለት ሰዎች በጽሕፈት መኪና ፍጥነት ተወዳደሩ። ማክጉሪን የቁልፎቹን ቦታ በቃሉ አጥንቶ፣ ዐይኑን ከሚቀዳው ወረቀት ላይ ሳያነሣ በዐሥሩም ጣቶቹ ይጽፍ ነበርና አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ «ዐይን በወረቀቱ፣ እጅ በቁልፉ» የሚለው ሥርዓት የጽሕፈት ተማሪ ሁሉ የሚማረው ሆነ። ይህን ነገር ውድ አንባቢ በልብዎ ያኑሩልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ደብዳቤ ለመጻፍ ይህ በቂ ነበር። ሠንጠረዥ ለመጻፍ ግን አልበቃም። የደመወዝ ዝርዝር የሚጽፍ ሰው ስሙን ጽፎ ወደ ደመወዙ ዓምድ ለመድረስ የክፍተቱን ቁልፍ ዐሥር ጊዜ፣ ከደመወዙም ወደ ተቀናሹ ለመሻገር እንደገና ዐሥር ጊዜ መምታት ነበረበት። አንዲት ምት የተሳሳተ እንደ ሆነም ዓምዱ ይዛነፋል። ስለዚህ ወረቀቱን በያዘው ተንሸራታች ክፍል ላይ ማረፊያዎች ተበጁለት፤ ጸሐፊው አንዲት ቁልፍ ሲጫን ወረቀቱ ተንሸራቶ በሚቀጥለው ማረፊያ ላይ ቀጥ ይላል። ማረፊያዎቹን እንደ ሠንጠረዡ ስፋት ማራቅና ማቅረብ ለሚያስችል መሣሪያ ፍሬድሪክ ሂላርድ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1900 የፈጠራ መብት ማመልከቻ አቀረበ። ቁልፊቱም «ታቡሌተር» ተባለች፤ ቃሉ የወጣው «ታቡላ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጓሜው ሠሌዳ ማለት ነው። «ታብ» የሚለው የዛሬው ስምም የዚህ ቃል አጭር አጠራር ነው።

በአገራችንም የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ታሪክ ሲነሣ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም አብሮ ይነሣል። ከ200 የሚበልጠውን የፊደላችንን መልክ በጥቂት ደርዘን ቁልፎች ላይ ማስፈር ቀላል አልነበረም፤ ስለዚህ የፊደሉ አካል በአንድ ምት፣ ቅጥያው በሌላ ምት እየተመታ ፊደሉ እንዲሟላ ተደረገ። በኋላ ዘመን ኦሊቬቲ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ የሠራቸው የአማርኛ መኪናዎች በየመሥሪያ ቤቱ ገቡ። በእነዚያ ዘመናት ያገለገሉ የመንግሥት ጸሐፊዎች ፔሮል ለመጻፍ ማረፊያዎቹን አስቀድመው እያስተካከሉ ይቀመጡ እንደ ነበር፣ ከእነርሱ ሥራ የተማሩ ሰዎች ዛሬም አይዘነጉትም።

የጽሕፈት መኪናዋ ታብ ግን የምታውቀው ርቀትን ብቻ ነበር። በዚህ ዓምድ ስም ይጻፍ፣ በዚያ ዓምድ ገንዘብ ይጻፍ ማለትን አታውቅም። ዓምድ ትርጉም እንዲኖረው ያደረገው ሌላ ሥራ ነው፤ እርሱም የሕዝብ ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ በተደረገው ቆጠራ ኸርማን ሆለሪት የተባለው መሐንዲስ የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ በካርድ ላይ በሚበሳ ቀዳዳ የሚያመለክት መኪና ሠራ። በኋላም አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጣው ባለ 80 ዓምድ ካርድ ላይ እነዚህ ዓምዶች ለስም፣ እነዚህ ለዕድሜ፣ እነዚህ ለሥራ ተብለው ተከፋፈሉ። ካርድ የምትበሳው ሠራተኛም የአንዱን ክፍል ሥራ ስትጨርስ መኪናው በራሱ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዘልላት የሚያዝዝ ሌላ ካርድ በበርሜል ላይ ይጠቀለልላት ነበር። መኪና ከመሙያ ወደ መሙያ መሄድን የተማረው ያን ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ያው ኩባንያ 3270 የተባለውን የመስታወት ገጽ ያለውን መሣሪያ አወጣ። በዚህ ገጽ ላይ ሁለት ዐይነት ቦታ ነበረ፤ አንደኛው እጅ የማይነካው፣ ጥያቄው የተጻፈበት ቦታ፣ ሁለተኛው ደግሞ መልሱ የሚሞላበት ክፍት ቦታ ነው። ታብን የተጫነ ሰው ጥያቄውን ዘልሎ በቀጥታ በክፍቱ ቦታ ላይ ያርፋል። ዛሬ በቢሮዎ ውስጥ በኮምፒውተር ቅጽ ሲሞሉ የሚያዩት ሁሉ የዚህ አሠራር ልጅ ነው።

በአገራችንም የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብና የቤት ቆጠራ በግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በጥቅምት 1987 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ሲደረግ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ስምና ዕድሜ በየመሙያው ገብቷል። በዚህ በሦስተኛው ቆጠራ የፍኖተ ሰላም ከተማ ነዋሪ ከ25 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህ አኀዝ የተሰበሰበው ከአንድ ቅጽ ወደ ሌላ ቅጽ፣ ከአንድ መሙያ ወደ ሌላ መሙያ በተደረገ ጉዞ ነው።

ከዚህ በኋላ ማውስ መጣ። ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕዝብ ያሳየው ይህ መሣሪያ፣ በ1984 ማኪንቶሽ የተባለው ኮምፒውተር ለገበያ በቀረበ ጊዜ ዋና ነገር ሆነ፤ ሰዎች በማውስ መሥራትን እንዲለምዱ ተብሎም በዚያ ኮምፒውተር የፊደል ገበታ ላይ የፍላጻ ቁልፎች ሳይደረጉ ቀሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ቁልፎቹ ተመለሱ። ብዙ የሚጽፍ ሰው እጁን በየደቂቃው ከፊደሉ ላይ እያነሣ ማውስ ፍለጋ መሄድ እንደሚያደክመው ታውቋልና። እ.ኤ.አ. በ1985 ዊንዶውስ ከወጣ በኋላ፣ በ1987 አይ.ቢ.ኤም. የመስኮቶችን አያያዝ ሥርዓት በደንብ ጽፎ አወጣ፤ ዛሬም የምንሠራበት ልማድ በብዛት ከዚያ የመጣ ነው።

ልማዱም እንደሚከተለው ነው። ታብ ወደ ፊት ያሻግራል፤ ሺፍት ከተባለው ቁልፍ ጋር ሲጫኑት ወደ ኋላ ይመልሳል። ወንድ ወይስ ሴት፣ ያገባ ወይስ ያላገባ የሚሉትን የመሰሉ አማራጮች ሲገኙ፣ ታብ ወደ አማራጮቹ ያደርሳል፤ በአማራጮቹ መካከል የሚመላልሱት ግን ፍላጾቹ ናቸው። የክፍተት ቁልፍ ምልክት ያደርጋል። ኢንተር ሥራውን ያጸድቃል፤ ኢስኬፕ ይሰርዛል። ኦልት ከታብ ጋር ሲጫኑት ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ያደርሳል። በጥንቶቹ ፕሮግራሞች ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚያሻግረው ኢንተር ስለ ነበር፣ በዚያ ልማድ ያደገ ጸሐፊ በአዲሱ መስኮት ገና ሁለት ሳጥን ሞልቶ ኢንተርን ይመታና ያላለቀው ቅጽ ተመዝግቦ ያገኘዋል። ጥፋቱ የስንፍና አይደለም፤ የመንገዱ ሕግ ስለ ተለወጠ ነው።

መንገድ ካልን ዘንድ፣ ውድ አንባቢ፣ ወደ ምዕራብ ጎጃም እንውረድ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና የሄደ ሰው ከደምበጫ ተነሥቶ ጂጋን፣ ከጂጋ በኋላ የዞኑን ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላምን፣ ከዚያም ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ይገባል። ፍኖት በግእዝ መንገድ ማለት እንደ መሆኑ መጠን፣ የከተማዪቱ ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚህ ጎዳና የሚሄድ ተሳፋሪ ዐይኑን ጨፍኖ እንኳ ቢተኛ፣ አውቶቡሱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሲቆም የት እንደ ደረሰ ያውቃል፤ የከተሞቹ ቅደም ተከተል አይለወጥምና። አንድ ቀን አውቶቡሱ ከጂጋ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላምን ሳይነካ በቀጥታ ማንኩሳ ቢቆም፣ ቆይቶም ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ቢመለስ፣ የተኛው ተሳፋሪ ፍኖተ ሰላም ደረስሁ ብሎ የሚወርደው ማንኩሳ ላይ ነው። ጥፋቱ ግን የእርሱ አይደለም።

በኮምፒውተር መስኮት ውስጥም ይኸው ሊደርስ ይችላል፤ ምክንያቱም እንደዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን ቪዥዋል ቤሲክን በመሳሰሉት የፕሮግራም መሥሪያዎች፣ ባለሙያው ሳጥኖቹን አንድ በአንድ በመስኮቱ ላይ ያስቀምጣል። መሣሪያውም ለእያንዳንዱ ሳጥን በተቀመጠበት ጊዜ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ታብ የምትሄደው በዚህ ቁጥር ነው እንጂ በዐይን በሚታየው አቀማመጥ አይደለም። ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ሳጥን ተረስቶ ቢገኝና ባለሙያው አምጥቶ በመካከል ቢሰካው፣ ለዐይን በመካከል ይታያል፤ ተራ ቁጥሩ ግን የመጨረሻው ነው። ባለሙያው ቁጥሮቹን መልሶ ካላስተካከለ፣ ታብ ያንን ሳጥን እንደሌለ ቆጥራ ታልፈዋለች።

ተረስቶ በኋላ የሚጨመረው ሳጥን በአገራችን ቅጾች የትኛው ይመስልዎታል? በሌላ አገር ልማድ የሰው ስም ሁለት ክፍል ነው፤ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም። በእኛ ግን የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ሰው የሚታወቀው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ከውጭ በመጣው አብነት የተሠራ ቅጽ ሁለት ሳጥን ይዞ ይመጣል፤ የአያት ስም ሳጥን የሚጨመረው ቆይቶ ነው። እንዲሁም ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ የቀን ሳጥን በጳጉሜን የተወለደውን ሕፃን አልቀበልም ይላል።

የአያት ስም በጎጃም ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ ደግሞ የመሬቱን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። በጥንቱ የርስት ሥርዓት መሬት የሚጠይቅ ሰው ከራሱ ጀምሮ አባቱን ወይም እናቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየቆጠረ እስከ ዋናው አባት ድረስ ሐረጉን ማድረስ ነበረበት። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሞለታል። በዚያ ሥርዓት የአያትን ስም መሳሳት መሬትን ማጣት ነበር። የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በ1960 ዓ.ም. በወጣ ጊዜም የጎጃም ገበሬ መሬቴ ይለካል፣ ርስቴ ይወሰድብኛል ብሎ በብርቱ ተቃውሟል፤ ደምም ፈሷል። ገበሬው መዝገብን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። በመዝገብ የተጻፈው ነገር ከማሳው ላይ ሊያነሣው እንደሚችል ያውቃል።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ከታወጀ በኋላ ርስት ቀረ። ነገር ግን የይዞታ መብት አልቀረም፤ ይህም መብት ለልጅ ይተላለፋል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የገጠር ይዞታ እየተመዘገበ ለገበሬው የማረጋገጫ ደብተር ሲሰጠው፣ ባልና ሚስት በጋራ በያዙት መሬት ላይ የሁለቱም ስም እንዲጻፍ ሆነ። የማሳው አዋሳኞችም በየአቅጣጫቸው በስም ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ የወረቀቱ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እየተሸጋገረ ነው። ለሚስቲቱ ይህ ደብተር ቀላል ነገር አይደለም፤ ባልዋ ቢሞት ወይም ቢፋቱ «እኔም ባለይዞታ ነኝ» ብላ በፍርድ ፊት የምታቀርበው ምስክር እርሱ ነው።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በእገሌ ላይ ደረሰ የምንለው ታሪክ አይደለም፤ ከላይ የተናገርነው የሳጥን ተራ የተዛባ እንደ ሆነ ግን በግድ የሚደርስ ነው። ከቡሬ ዙሪያ ገጠር ባልና ሚስት ማልደው ተነሥተው፣ ብዙ ሰዓት በእግራቸው ተጕዘው ወደ ጽሕፈት ቤት መጡ እንበል። መዝጋቢዋ የወረቀቱን ቅጽ በስተግራዋ አድርጋ ትጽፋለች። ደንበኛ ጸሐፊ ናትና ዐይንዋ በወረቀቱ፣ እጅዋ በቁልፉ ነው። የባልን ስም ጽፋ ታብ፣ የአባቱን ስም ጽፋ ታብ፣ የአያቱን ስም ጽፋ ታብ ትላለች። ነገር ግን የአያት ስም ሳጥን በኋላ የተሰካ ነበርና ታብ ዘልላዋለች። ስለዚህ የባልየው አያት ስም የገባው በሚስት ስም ሳጥን ነው። የሚስቲቱ ስም በአባትዋ ስም ሳጥን ይገባል። የእርስዋም የአያት ሳጥን እንደዚሁ የተዘለለ እንደ ሆነ፣ አባትዋ የማሳው የምሥራቅ አዋሳኝ፣ አያትዋ የምዕራብ አዋሳኝ ሆነው ይመዘገባሉ።

መኪናው ይህን ሁሉ ሲቀበል አንድም ቃል አይናገርም። በስም ሳጥን ውስጥ ቁጥር ቢገባ ኖሮ እንቢ ይል ይሆናል፤ የገባው ግን ስም ነው፤ ስም ደግሞ ስም ነው። መዝጋቢዋ ቀና ብላ ገጹን ብታይ ስሕተቱን ታገኘው ነበር፤ ይሁን እንጂ በጠረጴዛዋ ላይ የተቆለለው ፋይል ብዙ ነው፤ በደጅም የተሰለፈው ሕዝብ ብዙ ነው። ማክጉሪን በ1888 ያሸነፈበት ያ መልካም ልማድ፣ ዐይንን ከወረቀቱ አለማንሣት፣ በዚህ ስፍራ ላይ ወደ ጥፋት ይመራታል። ትጉህ ጸሐፊ ይበልጥ ትሳሳታለች ማለት ነው፤ በሁለት ጣት እየፈለገ፣ በየሳጥኑ ላይ በማውስ እየነካ የሚጽፈው ቀርፋፋ ግን ይድናል።

ከዓመታት በኋላ ባልዬው ሞቶ ሚስቲቱ መብትዋን ለመጠየቅ ወደ ፍርድ ቤት በሄደች ጊዜ፣ በመዝገቡ በሚስት ስፍራ የሚገኘው የባልዋ የአያት ስም ነው። አባትዋም በመዝገቡ ጎረቤት እንጂ አባት አይደለም። ያን ጊዜ ምስክር ይቆጠራል፤ የቀበሌ ሽማግሌ ይጠራል፤ በደመናና በጭቃ ወራት ከገጠር ከተማ፣ ከከተማ ገጠር ይመላለሳሉ። ይህ ሁሉ የሚመጣው አንድ ሰው ክፉ ስላሰበ አይደለም፤ አንድ ተራ ቁጥር በቦታው ስላልተቀመጠ ብቻ ነው።

ሌላም የምናስታውሰው ወገን አለ። ማውስ ለሚያይ ዐይን የተሠራ ነው፤ ፍላጻው የት እንደ ደረሰ የማያይ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። ዐይነ ስውር የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ገጹን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም ካለው፣ ታብን እየተጫነ ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሄዳል፤ በደረሰበት ሳጥን ሁሉ ፕሮግራሙ «የአባት ስም»፣ «የተወለዱበት ቀን» እያለ ይነግረዋል። ለእርሱ የፊደል ገበታው ከብዙ መንገዶች አንዱ ሳይሆን ያለው ብቸኛ መንገድ ነው። አንድ ሳጥን በታብ የማይደረስ ከሆነ ለእርሱ የለም ማለት ነው፤ ጠቋሚው ገብቶ የማይወጣበት ሳጥን ካለም ወጥመድ ነው። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ሁሉም ነገር በፊደል ገበታ እንዲደረስ፣ ተራውም ትርጉም ያለው እንዲሆን፣ ወጥመድም እንዳይኖር ያዝዛል። በአገራችንም የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 568/2000 ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲዘጋጅ ይደነግጋል። ሕጉን በወንበርና በደረጃ ብቻ ፈጸምሁት ብሎ መስኮቱን የዘጋ መሥሪያ ቤት ግማሹን አልፈጸመም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የፕሮግራም ባለሙያ ይሁን አንልም። ነገር ግን አዲስ ፕሮግራም ወደ ቢሮዎ በመጣ ቀን፣ ገና አንድ ባለጉዳይ ሳይስተናገድ፣ ሩብ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ ፈተና ሊያደርጉለት ይችላሉ። ማውሱን ወደ ጎን ያድርጉት። የወረቀቱን ቅጽ በስተግራዎ ያኑሩት። በመጀመሪያው ሳጥን ላይ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት እያሉ በታብ ብቻ እየተሻገሩ እስከ መጨረሻው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ቀና ብለው ገጹን ይመልከቱ። ቁጥሮቹ እንደ ወረቀቱ ተራ ከላይ ወደ ታች ተሰልፈው ከተገኙ መንገዱ ደኅና ነው። ሦስት በአምስት ቦታ ተቀምጦ ከተገኘ ግን ሥራ አይጀምሩ፤ የተዛባውን ሳጥን ስም ጽፈው ለባለሙያው ይላኩ። ለእርሱ ቁጥሩን ማረም የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ለገበሬው ግን የዓመታት ሙግት ያድናል።

ኀላፊዎችም ቢሆኑ ፕሮግራም ሲያሠሩና ሲረከቡ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን፣ ቅጹን በየቀኑ የሚሞላው ሠራተኛ በተገኘበት እንዲፈተን ቢያደርጉ መልካም ነው። የመንገዱን ጉድጓድ ከመሐንዲሱ ይልቅ በየቀኑ የሚመላለስበት ሾፌር ያውቀዋልና።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ከብራናው ወስፌ ጀምሮ እስከ ዛሬው መስኮት ድረስ የተመለከትነው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። አባቶቻችን ቀለም ከመንከራቸው አስቀድሞ ቦታውን ያሰምሩ የነበሩት ጊዜ ስለ ተረፋቸው አይደለም። መስመሩ የተጣመመ እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ እንደሚጣመም ስለሚያውቁ ነው። የዛሬውም መዝጋቢ በእጁ የያዘው ያንኑ አደራ ነው። ከገጠር ማልዶ የመጣው ሰው ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነግሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ነገሩ በየስፍራው እንደ ተጻፈለት አይቶ ማረጋገጥ አይችልም። የሚያየው መዝጋቢው ብቻ ነው። ስለዚህ ኢንተርን ከመጫንዎ በፊት አንድ ጊዜ ቀና ብለው ይመልከቱ።